መተማ፦ ባሕር የሌላት ጠረፍ

የዚህ ወር እንግዳችን ሰው ሳይሆን ከተማ ናት።

አማርኛችን «ጠረፍ» የሚል ቃል አለው። የባሕሩም ዳር ጠረፍ ነው፤ የአገሩም ዳር ጠረፍ ነው። ምጽዋና አሰብ የሌሉበትን ካርታ እያየን ላደግን የእኔ ዕድሜ ሰዎች ግን ከቃሉ የቀረን ሁለተኛው ፍቺ ብቻ ነው። ትንሽ የባሕር ጠረፍ ከተማ ምን እንደምትመስል የምናውቀው ከፊልም ነው። መርከብ ይገባል፣ ዕቃ ይራገፋል፣ ከተለያየ አገር የመጡ ሰዎች አንድ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ፣ በማግሥቱ ሁሉም ወደየመንገዱ ይሄዳል። እንዲህ ያለች ከተማ እኛም አለችን። ባሕሯ እስከ ሱዳኗ ገዳሪፍ የተዘረጋው ሜዳ ነው፤ መርከቧ ከባድ መኪና ነው። ስሟ መተማ ዮሐንስ ይባላል።

መተማ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ከትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍ የያዝነው የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዕረፍት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዜና ነው፤ ስደት፣ ኬላው ተዘጋ፣ ኬላው ተከፈተ። ለቤተሰብ ጨዋታ የምትሆን ከተማ አትመስልም። እስቲ ግን ወደ ጓዳችሁ ግቡ። ቡና ሲፈላ የምታጨሱት ዕጣን አለ። ለጾም ተቆልቶ የሚወቀጥ ሰሊጥ አለ። ሁለቱም ከመተማና ከአካባቢዋ ቆላ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። እሽጉን ብታገላብጡት ግን ስሟን ማግኘታችሁ ያጠራጥራል። እንጀራዬ የዕቃን ስም ከገዢ ጋር ማስተዋወቅ ስለሆነ ይህ ነገር ይከነክነኛል። የምትሸጠው ነገር በየቤቱ ገብቶ ስሟ ግን ከደጅ የቀረ ከተማ ምን ያጣል? ይህን ጥያቄ ይዘን እንውረድ።

ከደጋ ወደ ቆላ

ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መንገዱ ከአዘዞ ይነሳና በጭልጋዋ አይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውሃ አልፎ፣ ኮኪትን ተሻግሮ ድንበሩ ላይ ያደርሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ እስከ ቆላ የአገራችንን የአየር ንብረት በሙሉ መቅመስ ማለት ነው።

የት እንደደረሳችሁ ልብሳችሁ ይነግራችኋል። ጎንደር ላይ የደረባችሁት ሹራብ አይከል ላይም አይከብድም፤ ገንዳ ውሃ ስትደርሱ ግን ወንበሩ ላይ ተጥሏል። ባሕር ዛፍ ይቀርና ግራር ይበዛል። ጤፍ ይቀርና ማሽላ፣ ጥጥና ሰሊጥ ይመጣል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ጎማ ይይዛል፣ በበጋ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ።

ብዙ ሰው ሸኸዲ እያለ የሚጠራት ገንዳ ውሃ፣ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ሲከፈል የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆናለች። ከመተማ ሌላ የአፄ ቴዎድሮስ አገር ቋራና ምዕራብ አርማጭሆም በዚሁ ዞን ውስጥ ናቸው። በቋራ የሚገኘው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. ተከለለ፤ ስፋቱ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የተተከሉ ካሜራዎች አንበሳ ሲያነሱ ወሬው በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። የአካባቢው ነዋሪ ግን አንበሳ መኖሩን ቀድሞም ይናገር ነበር።

የዚህ ምድር ውሃ የሚፈሰው ወደ ምዕራብ ነው። ከጭልጋ ከፍታዎች የሚነሳው ጓንግ ወንዝ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። አትባራ ደግሞ ዓባይ ሜዲትራኒያን ባሕር ከመድረሱ በፊት የሚቀበለው የመጨረሻው ትልቅ ገባር ነው። ከተማዋ ባሕር ባይኖራትም ውሃዋ ባሕር ይደርሳል።

መተማ ዮሐንስ ራሷ በአንድ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፈች ከተማ ናት። መንገዱ ጉምሩክ ጋ ይደርስና ክረምት ከበጋ የማይፈስ ወንዝ ተሻግሮ ሱዳን ይገባል፤ ከማዶ ያለችው ከተማ ጋላባት ናት። አማርኛና አረብኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ይሰማሉ። አማራው፣ ቅማንቱ፣ አገው፣ ጉሙዙና ከሱዳን የመጣው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይውላሉ። የሱዳን ቡና ዝንጅብል ይገባበታል። ከርከዴው በቀዝቃዛም በትኩስም ይጠጣል። ሰላም ሲሆን ብርም ጊኔም ከእጅ እጅ ይዞራል።

ገበያዋ ድንበሯን ትቀድማለች

መተማን ድንበር የፈጠራት ከተማ አድርገን ብናስብ እንሳሳታለን። ቀድማ የነበረችው ገበያዋ ናት፤ ድንበሩ በኋላ መጥቶ በመካከሏ አለፈ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማና ጋላባት አንድ ገበያ ነበሩ። ከጎንደር የሚወርደው ነጋዴ ቡናና ሰም ያመጣል፤ ከሱዳን ወገን ጥጥና ጨርቅ ይመጣል። መደበቅ የሌለበት እውነት አለና፣ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥባት ነበር። በቦታው ሰፍረው ገበያውን ያደረጁት ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ የዘር ሐረጋቸው ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው ምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ሲመላለሱ ከቀሩ ሰዎች ይመዘዛል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 አልፎባታል። የተክሩሮቹ ሹም በዚያ ዘመን ለኢትዮጵያም ሱዳንን ለያዘችው ግብፅም ግብር ይከፍል ነበር። ሁለቱን ደንበኞች ላለማጣት ለሁለቱም መክፈል፣ በጠረፍ ለሚኖር ነጋዴ የቆየ ብልሃት ነው።

ብልሃቱ የማይሠራበት ዘመን ግን መጣ። የማሕዲ እንቅስቃሴ በሱዳን ሲነሳ በየምሽጉ የነበረው የግብፅ ጦር ተከበበ። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1884 ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዓድዋ በፈረሙት ውል መሠረት የተከበበው ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ፈቀዱ፤ ከወጡት አንዱ የጋላባት ጦር ነበር። በዚህ የተነሳ ከማሕዲስቶች ጋር ደም ተቃቡ። በ1880 ዓ.ም. ማሕዲስቶች ጎንደር ገብተው ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ገጠሟቸው። ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ባዘነበለበት ሰዓት ንጉሡ በጥይት ተመቱና አረፉ። የኢትዮጵያ ጦር ተበተነ፤ የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማዋ «ዮሐንስ» የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚህ ነው።

በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እንግሊዝ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉ አንዱ ገበያ ሁለት ከተማ ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ሁለቱ ከተሞች ሌላ ጦርነት አዩ። ኢጣሊያኖች ይዘውት የነበረውን የጋላባት ምሽግ በብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመራ የሕንድ ብርጌድ አስለቀቀ፤ መተማን ግን መያዝ አልቻለም። ይህ ሰው በኋላ በበርማ ጦር ግንባር ስሙ የገነነው ፊልድ ማርሻል ስሊም ነው።

ታሪክ መጽሐፎቻችን መተማን የሚያነሱት በእነዚህ የጦርነት ቀኖች ነው። በቀኖቹ መካከል ያሉት ብዙ ዓመታት ግን የገበያ ዓመታት ናቸው። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ አሰብ ሲዘጋብን አንዱ አማራጭ የፖርት ሱዳን መንገድ ነበር፤ የሱዳን ቤንዚን የጫኑ ቦቴዎች በመተማ በኩል ይገቡ ነበር። በዚሁ አቅጣጫ ከሸኸዲ ተነስቶ ገዳሪፍ የሚደርስ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ተዘርግቶ ኢትዮጵያ ለሱዳን ኤሌክትሪክ ሸጣለች። ወደብ ማለት ይኸው አይደል?

ሰው የሚሻገርባት

በዚህች ከተማ በኩል ከዕቃው የበለጠ ያለፈው ሰው ነው። ምናልባት ከእናንተም ቤተሰብ።

በ1970ዎቹ ከደርግ የሸሹ ወጣቶች፣ ከድርቁ የሸሹ ገበሬዎች ይህን ቆላ በእግራቸው አቋርጠው ሱዳን ገብተዋል። ከጎንደር ገጠሮች የተነሱ ቤተ እስራኤላውያንም በዚሁ አቅጣጫ ወደ ገዳሪፍ አካባቢ መጠለያዎች ተጉዘው፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በተጀመረው የሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል ተወስደዋል። በመንገድ የቀሩት ብዙ ናቸው። ዛሬ በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በአውሮፓ ያለ አጎት ወይም አክስት ካላችሁ «በየት በኩል ወጣህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «በሱዳን» የሚል መልስ ካገኛችሁ መተማ ከቤታችሁ ታሪክ አንድ ገጽ ይዛለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታትም በሊቢያ በኩል አውሮፓን የሚያልሙ ወጣቶች በዚሁ በር ወጥተዋል፤ የደላላ ገንዘብ ከፍለው፣ ሕይወታቸውንም አስይዘው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር የሰው ጉዞ አቅጣጫውን ቀየረ። ሱዳናውያን፣ ሱዳን ውስጥ ለዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች በርካታ አገሮች ዜጎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ መተማ ገቡ። ትናንት የሚሸኝ በር ዛሬ የሚቀበል ሆነ። በገንዳ ውሃ አቅራቢያ ኩመርና አውላላ የስደተኞች መጠለያ ሆኑ። በዚያው ዓመት ክረምት ግን በአማራ ክልል ውስጥ ግጭት ተቀሰቀሰና አስተናጋጁም ተስተናጋጁም ስጋት ውስጥ ወደቁ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወሰን ውዝግቡ ጋር በተያያዘም ኬላው በተደጋጋሚ ተዘግቶ ተከፍቷል። ኬላ ሲዘጋ እኛ በዜና እንሰማለን፤ እዚያ ያለው ሻይ ሻጭ፣ ጫኝና አውራጅ፣ አልቤርጎ አከራይ ግን የዕለት ገቢው ይቆማል።

ትዕግሥት የሌለው ሰሊጥ

አሁን ወደ ጓዳው እንመለስ። በዚህ ቆላ ሰሊጥ የሚዘራው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ የሚታጨደውም በመስከረምና በጥቅምት። ሰሊጥ እንደ ማሽላ «ነገ አጭደዋለሁ» የሚባል ሰብል አይደለም። ፍሬ ያዘለው ቆባ ሲደርስ ጫፉ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቆባው ከመከፈቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት መታጨድ አለበት። የታጨደው በነዶ ይታሰርና ቀጥ ብሎ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሂላ ይሉታል። ሲደርቅ ነዶው ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ያቺ ለልጃችሁ ዳቦ ላይ የተነሰነሰች ነጭ ፍሬ በዚህ ጥድፊያ ያለፈች ናት። ከክብደቷ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው።

ጥድፊያው ብዙ እጅ ይፈልጋል። ለአረምና ለአጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደርና ከሌላም ቦታ በየዓመቱ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። አብዛኛው ከሃያዎቹ ያላለፈ ወጣት ነው። ማደሪያው ማሳው ነው፤ ጥላው ግራር ነው። እዚያ ደግሞ ከወባ ሌላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የሚያስተላልፈው አሸዋ ዝንብ የሚባል ከወባ ትንኝ የሚያንስ በራሪ ነፍሳት ሲሆን፣ በዋልካው ስንጥቅና በግራር ዛፍ ሥር ይኖራል። ደጅ የሚያድር ሰው በተለይ ይጋለጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ካላዛር ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። ከታከመ ግን ይድናል።

ይህን ለምን በቤተሰብ መጽሔት አነሳሁት? የግቢያችሁ ጥበቃ፣ የግንባታ ሠራተኛው፣ ወይም የቤት ሠራተኛችሁ ወንድም ለአጨዳ ወርዶ የተመለሰ ሊሆን ስለሚችል ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና በግራ ጎን የሆድ ማበጥ ካያችሁ «ወባ ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት። ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ለሐኪሙም «መተማ ነበርኩ»፣ «ሁመራ ነበርኩ» ብሎ እንዲናገር አስታውሱት። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ትክክለኛው መንገድ ላይ ታስገባለች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ በሽታ ራሱን የቻለ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው።

ልጅ ያጣው ዛፍ

ዕጣኑ የሚገኘው ድንጋያማውን ኮረብታ ከሚወደው የዕጣን ዛፍ ነው፤ አንዳንዶች ዋልያ መቀር ይሉታል። ሥራው የሚጀመረው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። ለቃሚው የዛፉን ቅርፊት በትንሹ ይልጣል። ነጭ ፈሳሽ ይወጣና አየር ሲነካው ይረጋል፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይለቅመውና ቁስሉን ያድሰዋል። ክረምቱ እስኪመለስ እንዲህ ይቀጥላል። ከዚያ በየመጋዘኑ የተቀመጡ ሴቶች በመጠንና በቀለም ይለዩታል። ነጣ ያለው ትልቁ ፍሬ ወደ ከፍተኛው ደረጃ፣ የጠቆረውና የደቀቀው ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል።

ችግሩ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታወቀ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከተጠኑት የዚህ ዛፍ ደኖች ከሦስት አራተኛ በላይ በሆኑት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች እንደሌሉ አሳይቷል። ያሉት አዛውንቶቹ ብቻ ናቸው። ቡቃያውን ከብት ይበላዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል። ዕረፍት ሳያገኝ የሚቆስል ዛፍ ዘሩ ያንሳል፤ ግንድ የሚበሳ ጥንዚዛም ይበረታበታል። ጥናቱ በዚህ ሁኔታ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ይገምታል።

አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ እሱም ሰሊጥ ነው። ለእርሻ መሬት ሲፈለግ የሚመነጠረው ደኑ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋ የመጡ አባወራዎችም መሬትና ማገዶ ይፈልጋሉ። በእኛ ጓዳ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለቱ ከረጢቶች እዚያ ቆላ ላይ በአንድ መሬት ይሻማሉ። ገበሬውን መውቀስ አይቻልም። የዕጣን ዛፍ ላዩ ላይ የቆመ ሰው ከዛፉ የሚያገኘው ገቢ ዛፉን ቆርጦ ከሚዘራው ሰሊጥ ካነሰበት ምን ያድርግ?

ስም ያለው ዕቃ

እዚህ ላይ ነው የእኔ ሙያ የሚመጣው። የመተማ ሰሊጥ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚመደበው «ሁመራ ጎንደር» በሚለው ዓይነት ውስጥ ነው። የመተማ ዕጣን ደግሞ በውጭ ንግድ ለረጅም ጊዜ የታወቀው «የትግራይ ዓይነት» ተብሎ ነው፤ ምክንያቱም ዛፉ በሁለቱም ቦታ አንድ ስለሆነና ስሙን ቀድሞ ያስጠራው የትግራይ ዕጣን ስለሆነ። ሁመራም ትግራይም ስማቸው ይገባቸዋል፤ ጠብ የለንም። ነገር ግን አስቡት። ከተማዋ የምትጠራው በንጉሥ ስም ነው፣ ሰሊጧ በጎረቤት ስም፣ ዕጣኗ በሌላ ጎረቤት ስም። የራሷ ስም የቀረው ለኬላውና ለዜናው ነው።

ስም ለምን ይጠቅማል? የቡናውን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰች። ዛሬ በሩቅ አገር የቡና መደብር «ይርጋጨፌ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ከረጢት የሚያነሳ ሰው ቦታውን በካርታ ላይ ባያውቀውም በስሙ ይፈልገዋል፤ ስሙ ሲቀየርበት ይጠይቃል። ስም ያለው ዕቃ የሚጠይቅ ደንበኛ አለው። የሚጠይቅ ደንበኛ ካለ ነጋዴው ጥራቱን ይጠብቃል፤ አምራቹም ለመደራደር የሚይዘው ነገር ያገኛል። ስም የሌለው ዕቃ ግን የሚለካው በኩንታል ብቻ ነው። ዛፉ ቢያልቅ ገዢው ወደ ሌላ አገር ይዞራል፤ ማን እንዳለቀበት እንኳ አያውቅም።

ስም ብቻውን ዛፍ አይተክልም፤ ይህን አውቃለሁ። ደኑን መከለል፣ ዛፉን በየተራ ማሳረፍ፣ ሰሊጡን ጥሬውን ከመላክ እዚያው ማበጠርና መጭመቅ ካፒታልና ሰላም ይፈልጋሉ። ቢሆንም «መተማ» የሚለው ቃል በአንድ እሽግ ላይ ቢጻፍ ከተማዋ ከዜና ውጭ የምትጠራበት ሁለተኛ ቦታ ታገኛለች። ዕጣኑን በዚህ ስም የሚፈልግ ገዢ ከመጣ፣ ዛፉን ያቆየ ሰው ከቆረጠው ሰው ያነሰ የማያገኝበት ቀን ሊመጣ ይችላል።

እኛስ?

ትልቁ ሥራ የእኛ ባይሆንም ሦስት ትንንሽ ነገሮች ከእጃችን አይወጡም።

አንደኛው መጠየቅ ነው። ዕጣን ስትገዙ «ከየት የመጣ ነው?» በሉ። ከደቀቀውና ከተቀላቀለው ይልቅ ነጣ ያለውን፣ ፍሬው የለየለትን ምረጡ፤ በትንሹ ፍም ላይ ጣሉና ሽታውን ራሳችሁ ፍረዱ። የምትገዙት ነጋዴ መልሱን ባያውቅ እንኳ አሥረኛው ደንበኛ ሲጠይቀው ማጣራት ይጀምራል። ሱፐርማርኬት ሰሊጥና ጣሂና ስታነሱም እንዲሁ አድርጉ።

ሁለተኛው ለልጆች መንገር ነው። የአፄ ዮሐንስን ታሪክ ስታስጠኗቸው ከተማዋ ከንጉሡ በፊትም በኋላም የኖረች፣ ሰው የሚነግድባትና እንግዳ የሚያርፍባት መሆኗን ጨምሩበት። ካርታ ዘርጉና የጓንግን ወንዝ በጣታቸው እየተከተሉ ሜዲትራኒያን ድረስ ይሂዱ። ለአንድ የእሑድ ከሰዓት ጥሩ ጨዋታ ነው።

ሦስተኛው ለጊዜው በቀጠሮ የሚያዝ ነው። አሁን መንገዱ ለቤተሰብ ሽርሽር አይሆንም፤ ሂዱ ብዬ አልመክራችሁም። ሰላሙ ሲመለስ ግን የጎንደር ጉዟችሁን በፋሲል ግንብና በሰሜን ተራሮች ብቻ አትጨርሱት። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሙቀቱ የሚቻልበት ነው። ረጅም እጅጌ ልብስና የአልጋ አጎበር ያዙ፤ ስለ ወባ መከላከያ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ሹራባችሁን ግን አትርሱ፤ ስትመለሱ አይከል ላይ ትፈልጉታላችሁ።

እስከዚያው ቅዳሜ ቡናው ሲቀርብ፣ ዕጣኑ ፍም ላይ ሲጣል፣ ከቤተሰቡ አንዱ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስ ሰው በቤቱ ይኑር።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።